የበሬው ዋስና የተሸፈነው ቀንድ

አንድ የበሬ ዋስ ነበረ።

ቆይ ምንትዋብ፣ ወረቀትሽን አስቀምጪው። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። የኢንሹራንስ ቤታችሁ ምልክት ጫጩቶቿን በክንፏ ያቀፈች ነጭ ዶሮ ናት። እሷን ከእንግዲህ በየበዓሉ፣ ለእንቁጣጣሽ አበባ አስይዘን፣ ለሰንደቅ ዓላማ ቀን ባለሦስት ቀለም መቀነት አስታጥቀን፣ ለላብ አደሮች ቀን መዶሻ አሸክመን ብንሰቅላት ሕዝቡ «የኛው ናቸው» ይለን ይሆን ወይ ነው ያልሽኝ። አሥራ አንድ በዓል፣ አሥራ አንድ ዶሮ አሥለሽ መጥተሻል። ይህን የመሰለ ነገር ፊደል ያልቆጠረ ሰው መጠየቅሽ ራሱ ያስጠረጥራል፤ ግን ለስላሳ ጋብዘሽኛልና እመልስልሻለሁ። መልሱ ያለው ከዚያ ሰውዬ ዘንድ ነው።

ይኸውልሽ፣ ዋሱ ከአንድ ወንዝ ማዶ ይኖር ነበር። ብዙ ከብት አለው። ሥራው እንዲህ ነው፤ የወዲህ ማዶ ገበሬዎች እህላቸውን ወቅተው ሲያበቁ በዓመት በዓመቱ ከየቤቱ አንድ ቁና ይሰፍሩለታል። ከእነሱ የአንዱ በሬ ገደል ቢገባ፣ ወይም ጅብ ቢበላው፣ እሱ ከመንጋው መርጦ ሌላ በሬ እየነዳ ይመጣል። ዓመቱ በደህና ካለፈ እህሉ የዋሱ ሆኖ ይቀራል። ማንም አይቆጨውም፤ በሬው በረት ውስጥ ቆሞ እያመሰኳ ምን ሊቆጨው!

ይህ ሰው ምልክት ነበረው። ለመጀመሪያ ጊዜ ምትክ የሰጠለት በሬ ሲሞት ከሞተው በሬ አንዱን ቀንድ ወስዶ ከረጅም የወይራ ዘንግ ጫፍ ላይ ሰካው። ቀንዱ ጫፉ የተሰበረ ነው፣ ቁንጅና የለውም። እህል ሰብሳቢው መልእክተኛ ያንን ዘንግ ይዞ ሲመጣ የቤቱ ሴት ወደ ደጅ ትወጣለች፣ አውራ ጣቷን ስባሪው ላይ ታሳርፋለች፣ ሻካራነቱን ታውቀዋለች፣ ከዚያ በኋላ ነው ቁናውን የምታነሣው። ቀንዱን ሳይነኩ እህል መስፈር አልነበረም።

መንደሩ ደግሞ የተጠራጣሪ መንደር ነበር። አላጋነንኩም። እዚያ አገር ዶሮ እንቁላል ስትጥል ሴትየዋ እንቁላሉን ወደ ፀሐይ አንሥታ ታየውና ዶሮዋን «ይሄ የማን ነው?» ብላ ትመረምራታለች። መንገደኛ «እንደምን ዋላችሁ» ካላቸው ምን ፈልጎ ነው ብለው ሦስት ቀን ይሰበሰባሉ። የገዛ ጥላቸው ከኋላ ሲከተላቸው ዞር ብለው «አንተስ የማን ወገን ነህ?» ይሉታል። ጥላው መልስ ካልሰጠ ሌላ መንገድ ይይዛሉ።

ይሁንና በዓል የሚወድ መንደር ነው። በዓል ሲመጣ በሩን ያስጌጣል፣ በቅሎውን ያስጌጣል፣ ያረጀ አህያ እንኳ ባለበት አበባ ይሰካበታል። የንጉሡ ነጋሪት በሚጎሰምበት በአገሩ በዓል ቀን ደግሞ ቀለም ያለው ጨርቅ ያልሰቀለ ቤት የለም። ታዲያ ዋሱም ሰው ነውና ወንዙን ተሻግሮ ከሕዝቡ ጋር አደባባይ ይወጣል። ዘንጉ አብሮት ነው፤ ያው የወይራ ዘንግ፣ ያው የተሰበረ ቀንድ፣ ያለምንም ጌጥ።

አንድ የነጋሪት ቀን አንድ ሽማግሌ አየውና አይኑን አጠበበ።

«ይህ ሰውዬ ዘንጉን ለምን አላስጌጠም?»

«አዝኖ ይሆናላ» አለ ጎረቤቱ።

«በእኛ በዓል የሚያዝን ምን የሆነ ሰው ነው?»

«እውነትህን ነው። ለሌላ ንጉሥ ያደረ ይሆናል።»

ይህቺ ወሬ ከአደባባዩ ጫፍ ተነሥታ ሌላው ጫፍ እስክትደርስ ዋሱ ለሦስት ንጉሥ ያደረ፣ በቤቱ ጎራዴ የደበቀ፣ የሴት አያቱም ከባሕር ማዶ የመጡ ሆኑ። ሴትዮዋ ከቀበሌያቸው ወጥተው እንደማያውቁ ግን ሁሉም ያውቃል።

ዋሱ ወሬው ደረሰውና ፈራ። በሚቀጥለው በዓል፣ ለመስቀል፣ ከቀንዱ ሥር አንድ ዘለላ አደይ አበባ አሰረ።

«አየህ!» አሉ፤ «የኛ ሰው ነው!»

እንዴት ደስ አለው መሰለሽ! ሃያ ዓመት በሬ ሲተካ እንዲህ ተመስግኖ አያውቅም። ለነጋሪቱ ቀን ቀይ ጨርቅ ጠቀለለበት። አጨበጨቡለት። ለአረፋ አረንጓዴ ጨርቅ ደረበ። ለጥምቀት ባለቀለም ክር፣ ለሆሳዕና ዘንባባ፣ ለትንሣኤ ቄጠማ። አንዱን ፈትቶ ሌላውን እንዳያስር ደግሞ መንደሩን ያውቀዋል፤ የመስቀሉን አበባ ቢያወልቅ «በመስቀል ምን አለበት?» ሊሉ ነው። ስለዚህ በላዩ ላይ ይደርባል። ዘንጉ መጀመሪያ እንደ ሙሽራ ሆነ፣ ከዚያ እንደ ድርቆሽ ክምር ሆነ፤ በኋላማ ሁለት ሰው ካልደገፈው አይቆምም ነበር፣ ንቦችም እዚያው ሠፍረው ማር ይቆረጥ ጀመር አሉ።

«ታዲያ ወደዱት አይደል?» አልሽ? ወደዱት። ማን አልወደዱትም አለሽ? ቀንዱን ግን ያየው የለም። እህል ሰብሳቢው ሲመጣ ሴቶቹ አውራ ጣታቸውን ይዘረጉና ጨርቁ ያግዳቸዋል። መፍታት እንዳይኖር የበዓል ጌጥ ነው፤ በበዓል ሰሞን የበዓል ጌጥ ማውለቅ ነውር ነው። ስለዚህ መንካቱ ቀረ።

በዚያ አገር አንድ ሌባ ነበር። እሱም በዓል ይወዳል፤ ሰው ደስ ሲለው እጁ እንደሚፈታ ያውቃል። ይህን ሁሉ ዳር ቆሞ አየ። አንድ የጥምቀት ዕለት፣ አውድማው ሁሉ ተወቅቶ ባለቀበት፣ እሱ ሜዳ ላይ ያገኘውን እንጨት አነሣ፣ ጫፉ ላይ የበቆሎ ቆረቆንዳ ሰካ፣ ቆረቆንዳውን በአበባ፣ በክር፣ በጨርቅ አድርጎ ጠቀለለው። ከዋሱ ዘንግ አምስት እጥፍ አማረ። በቅሎ ጭኖ መንደሩ ገባ።

መቼም ያ መንደር ሰው ዝም ብሎ አያስገባም። ከበቡት።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የአባቴ።»

«አባትህስ?»

«የአያቴ።»

«እስከዚህስ ልክ ነው» ተባባሉ። «አምና የመጣው ሌላ ሰው ነበር፤ አንተን ለምን ላከህ?»

«አምና የመጣው ወገቡን አሞት።»

«የቱ ጋ?»

«ጎኑ አካባቢ፣ በስተግራ።»

የበቅሎዋን ጥርስ ቆጠሩ። የእግሩን አቧራ አሽተው የየት አገር አፈር እንደሆነ ተከራከሩ። የመጣበትን መንገድ ከኋላ ወደ ፊት አስነገሩት። ሲስቅ አይተው «ለምን ይስቃል?» አሉ፤ መሳቁን ሲተው «ለምን ተወው?» አሉ። ሁሉንም አለፈ። ዘንጉ ጋ ሲደርሱ ግን ፊታቸው በራ።

«ወይ ማማሩ! ዘንድሮስ ከአምናው በለጠ!»

አንዲት የገበሬ ሚስት አውራ ጣቷን ወደ ጫፉ ዘረጋች። ባሏ እጇን ያዘና «ተይ እንጂ፣ ዛሬ እኮ ጥምቀት ነው» አላት። እሷም እጇን ሰበሰበች፣ ገብታ ቁናዋን ሞልታ ወጣች፣ ጫፍ እስኪወጣው ሰፈረችለት። ጎረቤቶቿም እንደዚያው። አየሽ አይደል ምንትዋብ? አቧራውን የጠረጠሩ ሰዎች አበባውን አልጠረጠሩም። አበባውን መጠርጠር በዓሉን መጠርጠር መስሏቸው ነው።

በማግሥቱ እውነተኛው መልእክተኛ የተጠቀለለ ዘንጉን ተሸክሞ እያላበው መጣ።

«እህል ለመቀበል ነው የመጣሁት፣ የበሬ ዋሱ ልኮኝ።»

«ምን አልክ? የዋሱ ሰው ትናንት ተቀብሎ ሄደ እኮ!»

«እኔ ትናንት ወገቤን አሞኝ ተኝቼ ነበር» አለ ምስኪኑ። እውነቱን ነበር፤ ሌባው ውሸቱን ሲናገር ሳያውቀው እውነት ተናግሯል። ግን ማን ይስማው? ፊቱን ቢያውቁትም፣ ከዋሱ ቤት ተባርሮ ለራሱ ሊሰበስብ የመጣ መሰላቸው።

«ትናንት ታሞ ዛሬ የሚድን ወገብ የለም! ሌባ!»

«እሺ እመኑኝ፣ ጌጡን ልፍታላችሁና ቀንዱን እዩት!»

«ስሙ እንግዲህ!» ብሎ ያ ሽማግሌ ጮኸ። «የጥምቀትን ጌጥ ልፍታ አለ! ይህ ካልሆነ ታዲያ ሌባ ማን ነው?»

ውሻ ለቀቁበት። እስከ ወንዙ ድረስ አባረሩት። እሱ ተሻገረ፤ ሱሪው ግን ከአንዱ ውሻ ጋር ወዲህ ማዶ ቀረ። ጌታው ዘንድ ደርሶ የሆነውን ሲነግረው ዋሱም በተራው ጠረጠረ። «ጠልተውኛል ማለት ነው። ሌላ ዋስ አግኝተዋል» አለ። ዘንጉን ከግቢው በር አቁሞ ለትንሣኤ ቄጠማ ደረበበት፤ ወደ መንደሩ ግን ሰው አልላከም።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ መሬቱን ሲያርስ፣ ጥምቀት ዕለት የሚስቱን እጅ የያዘው ያ ገበሬ አንዱ በሬው ገደል ገባበት። ሁለት በሬ ነው ያለው። አንድ በሬ ብቻውን ቀንበር እንደማይጎትት ታውቂያለሽ። ዝናቡ ደግሞ ማንንም ቆሞ አይጠብቅም፤ ያን ሰሞን ያላረሰ ያለ ዘር ይከርማል፣ ቤት ውስጥ አምስት አፍ አለ። ገበሬው ሚስቱን ይዞ ወንዙን ተሻገረ።

«ጌታው፣ በሬዬ ሞተ» አለ።

ዋሱ ከመቀመጫው አልተነሣም። «ታዲያ ወደ እኔ ምን አመጣህ?»

«ዋሴ አይደለህም?»

«ነበርኩ። ዘንድሮ መንደራችሁ አንዲት ፍሬ አልሰጠኝም። ሰውዬዬንም ያለሱሪ ነው የላካችሁልኝ።»

«በዚች እጄ ነው ያስጫንኩት! ጫፍ እስኪወጣው ሰፍረንልሃል!»

«ለማን?»

«ላንተ ሰው!»

«የኔን ሰው በውሻ ስታባርሩት?»

«እሱማ ሌባው ነው!»

እንዲህ ተፋጠጡ። ገበሬው በልቡ «እህሌን በልቶ ሊክደኝ ነው» ይላል። ዋሱ በልቡ «ያልሰጠውን ሰጠሁ ብሎ በሬ ሊወስድብኝ ነው» ይላል። ሁለቱም ጨዋ ናቸው፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ እንደዚያ ሆነው ተጠራጥረው ሊለያዩ ሆነ። ገበሬው «ነዪ እንሂድ» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ሚስቲቱ ግን አልተከተለችውም። ወደ ግቢው በር ሄደች። ዘንጉን ግንቡ ላይ አስደግፋ መፍታት ጀመረች።

«ኧረ አንቺ! የበዓል ጌጥ እኮ ነው!» አላት ባሏ።

«በዓሉ አልፏል» አለች፤ አልዞረችም።

መጀመሪያ የትንሣኤውን ቄጠማ ጣለች፤ ደርቆ ይንኮሻኮሻል። ከሥሩ የሆሳዕናውን ዘንባባ። ከሥሩ የጥምቀቱን ክር፣ ከዚያ የአረፋውን ጨርቅ፣ የነጋሪቱን ቀን ጨርቅ፣ ደግሞ የአምናውን፣ የካቻምናውን። ጌጡ ጉልበቷ ድረስ ተቆለለ። ሁለቱም ወንዶች ጭቅጭቃቸውን ትተው ያይዋታል። በመጨረሻ ወደ ዱቄትነት የተለወጠ የአደይ አበባ ከእጇ ረገፈ፣ ቀንዱም ብቅ አለ። ያው ቀንድ ነው። ምንም አልሆነም። አውራ ጣቷን ስባሪው ላይ አሳረፈች።

«ይሄ የቦራ ቀንድ ነው» አለች።

ዋሱ ከተቀመጠበት ተነሣ። «ቦራ የማን ነው?»

«የአባቴ በሬ። ጫፉ የተሰበረው የበረቱን መቃን ሲወጋ ነው፤ ቆሜ እያየሁት። ቦራ የሞተ ቀን አባቴ ጭቃው ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ አንተ ወንዙ ሞልቶ፣ ደረትህ ድረስ ውኃ ገብተህ፣ በሬ እየነዳህ ደጃችን መጣህ። ማንም ሳይልክብህ። እኔ ይሄን ቀንድ ስነካ የምነካው ያንን ቀን ነው።» ወደ ቆለለችው ጌጥ አየች። «አበባማ እኔም ጓሮዬ ሞልቶኛል፣ ጌታው። ያንተን አበባ ማን ፈለገው? ቀንዱን ደጄ ድረስ ብታመጣው ኖሮ ለሌላ ሰው አንዲት ቁና እሰፍር ነበር?»

ዋሱ «ለመሆኑ ቀድሞ የመጣው ሰው ምን ይዞ ነበር?» ብሎ ጠየቃት።

«አበባ።»

«የኔው ሰውዬስ?»

«እሱም አበባ።»

ሌላ ነገር አልጠየቀም። ወደ በረቱ ገባ፣ ከመንጋው መሃል ደረቱ የሰፋውን፣ ገና ያልደከመውን በሬ ገመድ አስገብቶ አወጣና ገመዱን ለገበሬው ሰጠው። «ሌባው የኔን ምልክት አልሰረቀም» አለ። «እኔው ሸፍኜ አስቀመጥኩለት። የዘንድሮው ዕዳ የኔ ነው።» ገበሬውና ሚስቱ ዝናቡ ሳያመልጣቸው በዚያው ሳምንት አረሱ።

የሚቀጥለው የነጋሪት ቀን ዋሱ ወንዙን ተሻግሮ መጣ። ራሱ ነጭ በነጭ ለብሷል፣ ጆሮው ላይ አበባ ሰክቷል፣ ትከሻውን እየመታ ይጨፍራል፤ ጭፈራው ደግሞ እንዲህ ያለ አስቀያሚ ጭፈራ በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም፣ ሁለት ከበሮ መቺዎች ሳቅ አሸንፏቸው ከበሮውን ጣሉት። ዘንጉ ግን ባዶ ነው። ወይራና የተሰበረ ቀንድ።

ያ ሽማግሌ እንደልማዱ ዓይኑን አጠበበ። «ዘንጉን ደግሞ ለምን ገፈፈው?»

የገበሬው ሚስት ከኋላው ቆማ ነበርና መለሰችለት። «ዘንጉ ሥራ ላይ ነው፣ አባባ። ሰውየው በዓል ላይ ነው፤ ጭፈራውን አላዩትም?»

«አይቼዋለሁ» አለ ሽማግሌው። «እንዲህ ክፉ አድርጎ የሚጨፍር ሰው መቼም የሚያስመስል አይደለም።» ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ሳይጠረጥር ቀረ።

ሌባው? ሌባው ጥምቀት ላይ ተመልሶ መጣ እንጂ! ከአምናው ይበልጥ አስውቦ። የመጀመሪያዋ ሴት አውራ ጣቷን አበባው ውስጥ ብትሰደው የበቆሎ ቆረቆንዳ አገኘች። ስለቀረው ነገር አልነግርሽም፤ የዚያ መንደር ውሾች ሱሪ መሰብሰብ ለምደዋል፣ ይኸው ነው።

እንግዲህ ምንትዋብ፣ ነገሩ ያንቺው ነው። ዋሱ አንቺ ነሽ። ቀንዱ ዶሮዋ ናት። ሰው ቤቱ ሲቃጠልበት፣ መኪናው ሲገለበጥበት ተሯሩጣችሁ የደረሳችሁለት ቀን በዚያች ዶሮ ክንፍ ውስጥ ነው የተቀመጠው። በላይዋ ላይ የምትደርቢው እያንዳንዱ አበባ ያን ቀን ይሸፍነዋል። ላለፈው ትንሣኤ የአበባ ጉንጉን አድርጋችሁ ስትሰቅሏት ጎረቤቴ ቢሮሽ ገብቶ «ስንት ነው የምትሏት? እንቁላል ጣይ ናት?» ብሎ አልጠየቀም? አትሳቂ! እሱስ ይሁን። ደግሞ በእንቁጣጣሽ ሰሞን እህቴ ስልክ ላይ የመጣውን ታውቂያለሽ? አበባ የታቀፈች ዶሮ፤ «እንኳን አደረሳችሁ፣ ሽልማት ደርሷችኋል፣ ይህን ተጫኑ» የምትል። የእናንተ አልነበረችም። እህቴ በምን ትወቀው? የእናንተዋም አበባ ታቅፋ ነበራ! ተጫነችው። የሆነባትን እሷው ትንገርሽ።

በዓሉን አክብሪ። ማንም ከበዓል ቅሪ አላለሽም። አገር ሲደሰት አብረሽ ውጪ፣ አንቺ ልበሺ፣ አንቺ ጨፍሪ፣ ከቻልሽም አስቀያሚ አድርገሽ ጨፍሪ፣ ሰው ያምንሻል። ሠራተኞችሽም ለሰው እንኳን አደረሰህ ይበሉ፣ በአፋቸው። ዶሮዋን ግን ተያት። ነጭ ናት፣ ክንፏ ተዘርግቷል፣ ጫጩት ታቅፋ ሥራ ላይ ናት።

አሁን ደግሞ «ጋሽ ዳምጤ ይህን ሁሉ የነገረኝ ምን ፈልጎ ነው?» ብለሽ ስትጠረጥሪኝ ይታየኛል። ደግ አደረግሽ። እህቴ ባጃጇን እናንተ ዘንድ ነው ያስገባችው። ቤቱን የምታስተዳድረው በሷ ነው። አንድ ቀን ዝናብ ጥሎ መንገዱ ቢያዳልጣት፣ ሆስፒታል ብትተኛ፣ እየሮጠ በርሽን የሚፈልገው እኔ ነኝ። የበሩን ጽሑፍ ማንበብ አልችልም። የማውቀው ዶሮዋን ብቻ ነው።